ባለመኪናው ከመኪናው ሥር ይግባ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ በአንባቢያን ገጽ ላይ ስለ አሮጌ መኪኖች የወጣውን ደብዳቤ በጥሞና አነበብኩት። ጸሐፊው መሪን የሚመለከት ማንኛውም ሥራ በጋራዥ ብቻ እንዲሠራ ይጠይቃሉ። ግቢው ውስጥ የመሪ ዕቃ ሲፈታ የተገኘ ባለመኪናም ይቀጣ ይላሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። አንድ ዳዶ በትክክል ሳይጠብቅ ቢቀር የሚጎዳው የፈታው ሰው ብቻ አይደለም። እግረኛውም፣ ከፊት የሚመጣውም አለ። መፍትሔ ያሉት ነገር ግን ችግሩን የሚያብስ ይመስለኛል። በየመንገዱ የማየው ማንም ዓመት ሙሉ ዞር ብሎ ያላየውን መሪ ነው። እሱን የሚያየው ከባለቤቱ ሌላ ማን ነው?

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባ ኮብልስቶን ላይ ነው። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ጠዋት ልጆቼን ይዤ ቁልቁለቱን በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ እወርዳለሁ። ከኋላዬ የተጫነ አይሱዙ ይመጣል፤ ከፊቴ ሰው የሞላ ሚኒባስ ይቆማል፤ በዳር ደግሞ ተማሪዎች ይጎርፋሉ። በዓመት በዓል ወላጆቼ ዘንድ ደብረ ማርቆስ እሄዳለሁ። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ሳቋርጥ ኩርባው፣ ገደሉና የከባድ መኪናው ጭስ አንድ ላይ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ስለ መሪዬ ያለኝ እርግጠኝነት ከሰው የተዋስኩት እንዲሆን አልፈልግም። በእጄ ነክቼ ያረጋገጥኩት እንዲሆን እፈልጋለሁ።

እንደኔ ዓይነት መኪና የያዘው ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ ሽቅብ ወጣ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ለመምህር ደመወዝ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ እነዚህ በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ የተሠሩ ኮሮላዎች፣ ከዚያም በፊት የተሠሩት ዲኤክስ የሚባሉት፣ ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ናቸው። ጥያቄው በምን ሁኔታ ላይ ሆነው ነው የሚሄዱት የሚለው ነው።

ስለ ዕቃው ትንሽ ላብራራ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እዚያ ነው። መሪውን ስናዞር እንቅስቃሴው በዘንጉ ወርዶ መኪናው ሥር በአግድም ወደተኛው የመሪ ሳጥን ይደርሳል። ከሳጥኑ ግራና ቀኝ ታይሮድ የሚባሉ ዘንጎች ይወጣሉ። በየጫፋቸው ታይሮድ ኢንድ አለ። ጎማውን የሚያዞረውን ክንድ የሚይዘው እሱ ነው። ውስጡ በቅባት ተከቦ የሚዞር ኳስ ነው፤ አሠራሩ የሰው ጭን ከዳሌው ጋር የሚጋጠምበትን መገጣጠሚያ ይመስላል። ጎማው ሲዘልል፣ ሲወርድ፣ ሲታጠፍ ኳሱ በየአቅጣጫው እየዞረ ይታዘዛል። የዚህ ሁሉ ዕድሜ የሚለካው በላዩ ባለችው ስስ የላስቲክ ሽፋን ነው። ሽፋኗ ከተቀደደች ቅባቱ ይወጣል፤ ውኃና አቧራ ይገባል። ከዚያ በኋላ ብረት ብረትን ይፈጫል።

የእኛ ከተማ ይህችን ላስቲክ አትምራትም። ኮብልስቶኑ ቀኑን ሙሉ ያንቀጠቅጣታል። ክረምት ላይ ጭቃው ይለጠፍባታል። ላቫጆ ስንገባ ደግሞ በኃይለኛ የውኃ ግፊት ከሥር ትመታለች። አንዳንድ ቦታ ሥሩ እንዲያብረቀርቅ ተብሎ ናፍጣ ሲረጭም አይቻለሁ። ናፍጣ ላስቲክን ያበላሻል። መኪናችሁን የምታሳጥቡ ሁሉ ይህን አንድ ነገር እምቢ በሉ። ማብረቅረቁ ለሰዓታት ነው፤ ጉዳቱ ይከርማል።

ታይሮድ ኢንድ ሲያልቅ ድንገት አያልቅም። አስቀድሞ ይናገራል። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስትሄዱ ከፊት በአንድ በኩል ኳ፣ ኳ የሚል ደረቅ ድምፅ ትሰማላችሁ። ቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ሁልጊዜ በትንሹ ማረም ይጠይቃል። መሪው መሀል ላይ ላላ ይላል፤ ግራና ቀኝ ብታወዛውዙት ጎማው ሳይሰማ የሚያልፍ ባዶ ርቀት አለው። የፊት ጎማ ጠርዝ ከሌላው ክፍል ቀድሞ ይበላል፤ በእጅ ሲዳስሱት በአንድ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው ሸካራ ይሆናል። በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ባላንስ ጉዳይ ነው። ሰው ሁለቱን እያደባለቀ ያላለቀ ዕቃ ሲያስቀይር ያለቀው ቦታው ላይ ይቀራል።

ምርመራው ቀላል ነው። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ተቆርጦ የሚቀመጥ ከሆነ ይህ አንቀጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፤ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ አግዱ። ሞተሩ ይጥፋ፤ የመሪው መቆለፊያ እንዲለቅ ግን ቁልፉ ይዙር። አንድ ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ ግራና ቀኝ በትንሹ፣ በፍጥነት ያወዛውዝ። እናንተ ጎንበስ ብላችሁ ከጎማው ጀርባ መዳፋችሁን ታይሮድ ኢንዱ ላይ አድርጉ። ጣታችሁን መገጣጠሚያዎቹ መሀል አታስገቡ። ጤነኛ ከሆነ ዘንጉና ክንዱ እኩል ይሄዳሉ። ያለቀ ከሆነ ዘንጉ ይቀድማል፤ ክንዱ ዘግይቶ ይከተላል። ያቺ መዘግየት መዳፍ ላይ ጠቅ ስትል ትሰማለች፤ ልምድ የሌለው ሰው እንኳን አይስታትም።

ቀጥሎ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱ፤ መኪናውንም ጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉት። ጎማውን በግራና በቀኝ ጠርዙ ይዛችሁ ነቅንቁ። ከላላ ጥርጣሬው ታይሮዱ ላይ ነው። ከዚያ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁ። እዚህ ላይ ከላላ ወይ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ወይ ጎማውን ከታች ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው የኳስ መገጣጠሚያ፣ ቦል ጆይንቱ ነው። ለመለየት ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲያዝ መላላቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ወደ ቦል ጆይንቱ ተመልከቱ። ቦል ጆይንት የላላበት መኪና ወደ ጋራዥም ቢሆን በጭነት ቢሄድ ይሻላል። እሱ ከወለቀ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፤ መሪ የሚባል ነገር አይኖርም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ባለፈው ቦሎ ለማውጣት መኪናዬን አንድ የምርመራ ጣቢያ ወሰድኩ። መብራት ታየ። ጥሩምባ ተነፋ። ፍሬን በማሽን ተለካ፤ ጭስም ታየ። የፊት ጎማዎቹን ግን ነቅንቆ ያየ ሰው አልነበረም። በዚያን ጊዜ የግራ ታይሮድ ኢንድ መላላቱን አውቄ ዕቃው እስኪመጣልኝ እየጠበቅሁ ነበር። ለመርማሪው ነገርኩት። ምልክት አደረገና አለፈ። ወረቀቱ ላይ የመሪው ሁኔታ ደህና ተብሎ ተጻፈ። እኔ ዕቃውን ቀየርኩ። ያቺን ወረቀት አምኖ ወደ ደሴ የሚነሳው ሰውስ? በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለደቂቃዎች፣ እንዲህ የሚታይ መሪ ላይ የቤተሰብ ሕይወት መጣል ያስቆጨኛል። ጸሐፊው ባለቤቶችን ቅጡ ሲሉ ያሰቡት ሥርዓት ይህ ከሆነ፣ ሥርዓቱ የእኔን የላላ መሪ አሳልፎታል።

ሌላው አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫ ለክቶ ማስተካከል ነው። መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲስብ ብዙ ሰው በቀጥታ አላይመንት ወደሚሠራበት ይሮጣል። ማሽኑ ይለካል፤ ቁጥሮቹ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ገንዘብ ተከፍሎ ይወጣል። ሳምንት ሳይሞላ ያው መሳብ ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መገጣጠሚያው ልል ከሆነ ጎማው በዚያ ልል ስፋት ውስጥ ወደፈለገበት ይዞራል። ማሽኑ የለካው ጎማው በዚያች ቅጽበት የነበረበትን ቦታ ነው። የሚላላ ነገር ላይ የተወሰደ ልኬት ልኬት አይባልም። ይህን ለተማሪዎቼ በላቦራቶሪ የመጀመሪያ ቀን እነግራቸዋለሁ። አላይመንት ከመጀመሩ በፊት ጎማ ነቅንቆ ማየት፣ የላላ ካለም ይህን ሳትቀይር አልሠራልህም ብሎ መመለስ ይገባል። እንዲህ ያለ አንድ ጎሚስታ ሰፈሬ አለ። ደንበኛ እያጣም አይለቅም። አከብረዋለሁ።

ዕቃ ግዢው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ ለአንድ ኮሮላ ሦስት ዓይነት ታይሮድ ኢንድ ይቀርብላችኋል። አንዱ ኦሪጅናል ይባላል፣ አንዱ የታይዋን ይባላል፣ አንዱ ስሙ አይነገርም። ካርቶን አትመኑ፤ ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። ዕቃውን አውጡት። አዲስ ታይሮድ ኢንድ በእጅ ስታንቀሳቅሱት መጠንከር አለበት። ወደፈለገበት የሚወድቅ ከሆነ መልሱት። የላስቲክ ሽፋኑ ወፍራምና ከሥር በቀለበት የታሰረ ይሁን። ዳዶውና የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ አብረው አሉ ወይ? አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ከኳሱ ወጥቶ ጎማውን በሚያዞረው ክንድ ዓይን ውስጥ የሚገባውን የሾጣጣውን ዘንግ ውፍረት፣ የጥርሱን ዓይነትና ርዝመቱን አስተያዩ። በአንድ ስም የሚጠሩ መኪኖች በተሠሩበት ዓመትና አገር ይለያያሉ።

አንድ ሱቅ ውስጥ የታደሰ ታይሮድ ኢንድ በግማሽ ዋጋ ተሰጥቶኝ ያውቃል። ያለቀው ኳስ ላይ አዲስ ነገር ተሞልቶ፣ ከላይ ተጨፍልቆና ተቀብቶ የመጣ ነው። ሲነኩት ጠንካራ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ግን ማንም አያውቅም። ስለ ሞተር ዕቃ ቢሆን ኪሴን አይቼ አስብበት ነበር። ሞተር ቢቆም መኪናው ዳር ይይዛል። መሪ ላይ ግን የታደሰ፣ የተበየደ፣ የሰልባጅ ኳስ የሚባል ነገር መሸጥ የለበትም። ጸሐፊው ቅጣት ከፈለጉ እዚህ ላይ እደግፋቸዋለሁ።

ሥራውን ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ነው የሠራሁት። ጋራዥ ውስጥ ሙያ እየተማረ ያለ ወጣት ነው፤ ጋሼ እያለ ያዘኛል እንጂ መዶሻውን ከእጄ ለመቀማት አያመነታም። የዝገት ማላቀቂያ ቅባት ከዋዜማው ማታ ጥርሱ ላይ ረጨን። በማግሥቱ የጎማውን ዳዶዎች ጎማው መሬት ላይ እያለ አላላን፤ ከዚያ አንስተን ደገፍን። ክሪክ ማንሻ ነው፤ ሰው ሥሩ ገብቶ የሚሠራበት መደገፊያ አይደለም። ለዚህ የሚሆን የብረት ቋሚ የሌለው ሰው ጎማው ከተነሳ መኪና ሥር አይግባ። ይህን ስጽፍ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው።

ከመፍታታችን በፊት የድሮውን ቦታ ምልክት አደረግን። እኔ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ኮሬክሽን ጥርሱ ላይ ቀባሁ፤ ነጩ ቀለም ብረት ላይ በደንብ ይታያል። ከኳሱ መሀል እስከ መቆለፊያው ዳዶ ያለውንም ርዝመት በሜትር ለካን። ታይሮድ ኢንዱን ከዘንጉ ጋር የሚያስረውን መቆለፊያ ዳዶ ሩብ ዙር ብቻ አላላን። በቦታው መቆየቱ ለአዲሱ ዕቃ ድንበር ይሆናል። ከዚያ የሾጣጣውን ዳዶ የሚቆልፈውን ሽቦ በፒንሳ አቅንተን አወጣን፤ ዳዶውንም ፈታን። ሙሉ በሙሉ ግን አላወጣነውም። ጥቂት ጥርስ ላይ ይቆይ፤ ሾጣጣው ሲለቅ ዕቃው ፊታችሁ ላይ እንዳይወድቅ።

ሾጣጣው ብዙ ሰው የሚያማርርበት ቦታ ነው። ዓመታት የተጣበቀ ብረት በመጎተት አይለቅም። መጎተቻው፣ እነሱ ፑለር የሚሉት፣ ካለ ጥሩ ነው፤ ወጣቱ ከጋራዡ ተውሶ መጣ። ከሌለ መዶሻ ይሠራል። የሚመታው ግን ሾጣጣው የገባበት የክንዱ ዓይን ነው፤ ከጎን፣ አጭርና ኃይለኛ ምት። ዓይኑ ለቅጽበት ቅርጹን ሲለውጥ ሾጣጣው ዘሎ ይወጣል። የብሎኑን ጫፍ መደብደብ ግን ጥርሱን ከመላጥ ሌላ ፋይዳ የለውም። ሹካ መሰሉ ማላቀቂያም የላስቲክ ሽፋኑን ይቀዳል። ዕቃው የሚጣል ከሆነ ግድ የለም፤ ሌላ ሥራ ለመሥራት ፈትታችሁ መልሳችሁ የምትገጥሙት ከሆነ ግን አትጠቀሙበት።

አሮጌውን ዙሮቹን እየቆጠርን አወጣነው። አዲሱን በዚያው ዙር አስገባነው፤ ከዚያ በሜትር እንደገና ለካን። ሾጣጣውንና የሚገባበትን ዓይን በጨርቅ አጽድተን ደረቅ አደረግነው። እዚህ ላይ ጎረቤት ቆሞ ቅባት ቀቡበት ሲል ነበር። ሾጣጣ ግን የሚይዘው በሰበቃ ነው። ዳዶው ሾጣጣውን ወደ ዓይኑ ይስባል፤ ብረት ብረትን ይነክሳል፤ ጭነቱን የሚሸከመው ያ ንክሻ ነው። ቅባት ይህን ይቀንሳል። ዳዶው እንዳይላላ ደግሞ ሽቦው አለ። አሮጌ ሽቦ ደግሞ አትመልሱ። ታጥፎ የተቃና ብረት ደክሟል። አዲሱ ከዕቃው ጋር ይመጣል፤ ካልመጣም ዋጋው የሚያስጨንቅ አይደለም።

የማጥበቂያው ኃይል ነገር የኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የኔ መኪና መመሪያ ለታይሮድ ኢንድ ዳዶ 49 ኒውተን ሜትር ይላል። ምን ማለት ነው? አንድ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ ማንጠልጠል ነው። በተለመደው 25 ሴንቲሜትር መፍቻ ሲሆን 20 ኪሎ ይሆናል። የጎማ ዳዶ ደግሞ 103 ነው፤ በዚያው መፍቻ ወደ 42 ኪሎ። ልዩነቱን እዩ። ለሁለቱም በአንድ ዓይነት ጉልበት፣ ሰውነቱን ጥሎ የሚያጠብቅ ሰው ወይ ታይሮዱን ከልክ በላይ ይስባል፣ ወይ ጎማውን ላላ ያደርጋል። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቶርክ መፍቻ መዋስ የሚቻል ከሆነ ተዋሱ። የማይቻል ከሆነ የመፍቻውን ጫፍ በስፕሪንግ ሚዛን እየሳባችሁ እጃችሁን አስለምዱ፤ ተማሪዎቼ እንዲህ ነው የለመዱት። ሽቦው የሚገባበት ቀዳዳ ከዳዶው ክፍተት ጋር ካልገጠመ ትንሽ ጨምሩና አጥብቁ። ለማስገጠም ብሎ ማላላት የለም። ቁጥሩ በየመኪናው ስለሚለያይ የራሳችሁን መኪና መመሪያ ተመልከቱ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሥራው ግቢ ውስጥ አያልቅም። ዙር መቁጠርና በሜትር መለካት የሚረዳው እስከ አላይመንት ቤት በሰላም ለመድረስ ነው። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው በትንሹ ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሀል በፊታቸውና በኋላቸው በኩል ያለው ርቀት በ3 ሚሊሜትር ብቻ ቢለያይ እያንዳንዱ ጎማ በኪሎ ሜትር 2.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ሂሳቡን ወረቀት ላይ ሥሩት፤ ሦስቱ ሚሊሜትር ለሁለት ሲካፈል፣ ቁመቱ 600 ሚሊሜትር ለሚሆን ለእያንዳንዱ ጎማ 1.5 ሚሊሜትር ነው። ከሽሮ ሜዳ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎማችሁ በአንድ ጉዞ ከ700 ሜትር በላይ በጎኑ ተጎተተ ማለት ነው። በዛሬ የጎማ ዋጋ ይህ የሚቻል ወጪ አይደለም። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በዝግታ ወደ አላይመንት ሄድኩ። ጥቂት ቀን ከነዳሁ በኋላም ዳዶውንና ሽቦውን ተኝቼ እንደገና አየሁ።

ጸሐፊውን የምደግፍበት ወሰን አለ። የመሪ ሳጥኑን ራሱን አልነካሁም፤ አልነካምም። የፓወር ስቲሪንግ ዘይት ቱቦ፣ የመሪው ዘንግ፣ ኤርባግ ያለበት የመሪ ክብ፣ እነዚህ መሣሪያና ልምድ ይፈልጋሉ። በላስቲክ ሽፋን ውስጥ ያለውን የውስጠኛውን የታይሮድ ጫፍም ለሙያተኛ ትቻለሁ። ግቢው ዘቅዛቃ የሆነበት፣ መደገፊያ የሌለው፣ የፈታውን ቅደም ተከተል የማያስታውስ ሰው ከምርመራው አይለፍ። መመርመር ግን የማንም መብት ነው። የመረመረ ሰው ጋራዥ ሲሄድም ዓይኑ ተከፍቶ ይሄዳል። የግራው ታይሮድ ኢንድ ልል ነው ብሎ የገባን ሰው ሙሉ የመሪ ሳጥን ቀይር ማለት ይከብዳል።

ስለዚህ ከቅጣት በፊት የምለምነው እነዚህን ነው። የምርመራ ጣቢያዎች የፊት ጎማዎችን ነቅንቀው ይዩ፤ የትኛው መገጣጠሚያ እንደላላም በወረቀት ጽፈው ለባለቤቱ ይስጡ። ባለቤቱም መመርመሪያ ጉድጓዱ አጠገብ ቆሞ ይይ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን መኪና፣ ጉድጓድና መምህር አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ለባለመኪና አጭር ትምህርት ቢከፍቱ ከፍዬ የምመዘገብ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ሚኒባስና ላዳ ይዘው ለዕለት ጉርስ የሚሯሯጡ ሾፌሮች ደግሞ በነፃ ቢማሩ፤ የስንት ሰው ሕይወት ይዘው ነው የሚውሉት።

ጸሐፊው ይህን ደብዳቤ ካነበቡ መኪናቸውን ይዘው ሽሮ ሜዳ ብቅ ይበሉ። ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ሰጥቻለሁ። እሳቸው መሪውን ያወዛውዙ፤ እኔ ሥር እገባለሁ። ከዚያ ቦታ እንቀያየራለን፤ መዳፋቸውን ታይሮዱ ላይ አድርገው ራሳቸው ይሰሙታል።

አክባሪዎ
የፊዚክስ መምህር፣ ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ